እታለም አንድ ኮንትራት ትጨምርልኝ?

ከኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀህ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሃል። የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፈህ፣ ቅዳሜና እሁድ የሐረጎን ዳገት እየወጣህ ደሴ ላይ በአንድ የግል ኮሌጅ ኤምቢኤ (በንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ልትማር አስበሃል። ክፍያው ግን ከደመወዝህ በላይ ሆነ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህትህ እታለም ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። «ላንተ ትምህርት ስል ሁለት ዓመት እጨምራለሁ» አለችህ። እናትህም «ዕድልህን አትግፋ» አሉህ። ልቀበል ወይ ትለኛለህ።

አትቀበል።

እናትህን መንቀፌ አይደለም። በእኛ አገር አንዷ ዓረብ አገር ሄዳ ሌላው የሚማርበት ቤት ብዙ ነው፤ ክፉ አስበው አይደለም የተናገሩት። ግን ራስህ የጻፍከውን መለስ ብለህ አንብበው። እታለም በኢሞ የምትደውለው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ ነው፤ የቤቱ ሰው ሲተኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ስልኩን የያዘችበት እጅ በበረኪና ተላልጦ አይተሃል። «ሁለት ዓመት እጨምራለሁ» ያለችህ ይህንኑ ነው። አራት ዓመት ቤተሰቡን ተሸክማለች። አሁን ተራው ያንተ ነው።

ደግሞስ ለምን ያህል ጥቅም? ማስተርስ ብይዝ ደመወዜ ይጨምራል ወይ ብለህ አለቃህን ጠይቀህ «እናያለን» ብሎሃል። «እናያለን» ደመወዝ አይደለም። ከክፍያው በኋላ የሚጠብቅህ ነገር በጽሑፍ ካልተሰጠህ፣ የእህትህን ሁለት ዓመት በተስፋ ላይ ልታወጣው ነው።

እኔ የገጠር መምህር ነበርኩ። አባቴ «በሬውን ሸጬ ላስተምርህ» ሲሉኝ እምቢ አልኩ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስፖንሰር እስኪያደርገኝ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። ማስተርሴን በክረምት በክረምት ጨረስኩ፤ ደመወዜ አንድም ወር አልተቋረጠም። የግዴታ ዘመኔን አገልግዬ በክብር ወጣሁ። በሬዎቹም አርሰው አደሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ መሥሪያ ቤት ፈልግ። የመንግሥት የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ክፍል የሒሳብ ባለሙያ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደር። መነሻው ደመወዝ ከአሁኑ ቢያንስም አትናቅ። ጊዜህ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ የስፖንሰር ደብዳቤ ይጽፍልሃል፣ ውል ትፈርማለህ፣ ተምረህ መጥተህ ታገለግላለህ። ውሉን ግን ሳታነብ አትፈርም፤ ስንት ዓመት እንደምታገለግልና ብታቋርጥ ስንት እንደምትመልስ እዚያ ላይ ነው ያለው። ነጥብህ ጥሩ ስለሆነ የጂኤ (የረዳት ምሩቅ) ቅጥርም እንዳያመልጥህ። ዩኒቨርሲቲው ረዳት አድርጎ ይቀጥርሃል፣ ከዚያ ለማስተርስ ይልክሃል።

የውጭ አገር ስኮላርሺፕም ጎን ለጎን ሞክር። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ ማመልከቻው በነፃ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ እዚያው አገር አንድ ዓመት ያስተምራል። የሚጠይቀው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አንተ ጋ አለ፤ ስትጨርስ ግን አገርህ ተመልሰህ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩምም ትምህርቱን በነፃ አድርጎ የኪስ ገንዘብ ይጨምራል። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅህ ሰው አምስት ሳንቲም አትስጥ።

ለዚህ ሁሉ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያረጋገጠው የውጤት ማስረጃ፣ ያስፈልግሃል። የኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት) ዕዳህን ሳትጨርስ አታገኘውም። ለኮሌጁ ልትከፍል ያጠራቀምካትን ብር እዚያ ላይ አውላት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ላልከው፦ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፍ፣ ለሚያርምህ ሰው ስጥ። ዕድሜዬ 26 ሆነ ላልከው፦ ገና ነህ። ኮሌጁ የተቀበለህን የመመዝገቢያ ብር ባይመልስልህ፣ ይቅር።

ለእታለም ዛሬ ሌሊት ስትደውል ንገራት። ኮንትራቱን ካደሰች በኋላ ዋጋ የለውም። «ትምህርቱን አልተውኩም፤ አንቺ ብቻ ነይ» በላት። ለእናትህ ግን በስልክ አይሆንም። ሐይቅ ድረስ ሂድ። ቡናው ይፈላ። አቦሉ ላይ አትጀምር፤ ጎረቤት ይኖራል። በረካ ላይ፣ ሰው ወጣ ወጣ ሲል ንገራቸው።