ከድስቱ ያመለጠው ጦስኝ

ጥያቄ፦ በአንኮበር አካባቢ የምኖር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በእኛ ዘንድ ጦስኝ ከሻይና ከበርበሬ አይጠፋም፤ ሳል ሲይዝም ቀድሞ የሚፈላው እሱ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን መድኃኒቱን ለይተን ለማውጣት ደረቁን ጦስኝ ቀቀልን፤ ውኃውን እስኪያልቅ ስናተን በድስቱ ሥር የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ቀረ። የምንፈልገው ንጥረ ነገር ይህ ነው? ካልሆነስ እንዴት ይለያል፤ ማንነቱስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የምትፈልጉት በአብዛኛው ድስቱ ሲንተከተክ ክፍሉን የሞላው ሽታ ነበር፤ እሱም ከእንፋሎቱ ጋር በመስኮት ወጥቷል። የጦስኝ ዘይት ዋና ዋና ውህዶች ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ፣ ጀርሞችን በመግታት የሚታወቁ ሁለት ፌኖሎች (በካርቦን ቀለበት ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ የተያያዘባቸው ውህዶች) ሲሆኑ፣ በድስቱ የቀረው ግን የታኒን፣ የስኳር፣ የማዕድን ጨውና እንደ ሮዝማሪኒክ አሲድ ያሉ የማይተኑ ውህዶች ድብልቅ ነው። ዝቃጩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንድ ውህድ አይደለም ማለቴ ነው።

እንፋሎቱን ላለማጣት ብልሃቱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ከድፍድፉ የሚነሣውን እንፋሎት በመቃ አሳልፈው ውኃ በሚያቀዘቅዘው ዕቃ እንደሚቀበሉት ሁሉ፣ በቤተ ሙከራም ጦስኙ ከውኃ ጋር በመስታወት ዕቃ ይፈላና እንፋሎቱ በማቀዝቀዣ ቱቦ አልፎ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ዘይቱም ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል። ታይሞል ለብቻው የሚፈላው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢሆንም፣ ከውኃ ጋር ሲሆን የሁለቱ የትነት ግፊት ስለሚደመር ውኃው ራሱ ከሚፈላበት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት አብሮ ይወጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሞከር ደግሞ በከፍታው ምክንያት ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ሥራው ከዚያም በታች ይጠናቀቃል። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ዘይት ብቻ ብታገኙ አትዘኑ፤ ወጉ ነው።

ዘይቱም ቢሆን ገና ድብልቅ ነው። ፌኖሎች ደካማ አሲድ ስለሆኑ፣ ዘይቱ በቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲናጥ እነሱ ጨው ሆነው ወደ ውኃው ይሻገራሉ፤ የቀሩት ከላይ በዘይቱ ይቆያሉ። ውኃውን ለይታችሁ አሲድ ስትጨምሩበት ይደፈርስና ፌኖሎቹ ይመለሳሉ። ንጹሕ ታይሞል በክፍል ሙቀት ነጭ ክሪስታል ሆኖ በ50 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ካርቫክሮል ግን ፈሳሽ ነው። (ተማሪዎቹ የዓይን መከላከያና ጓንት ሳያደርጉ ይህን እንዳይሞክሩት አደራ።)

በዝቃጩ ውስጥ ላሉት ለማይተኑት ውህዶች መንገዱ ሌላ ነው። በጥላ የደረቀው ቅጠል ተፈጭቶ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ከተጣራ በኋላ ሜታኖሉ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይተናል። ቀሪው በሲሊካ ጄል በተሞላ የመስታወት ቱቦ አናት ላይ ይደረግና መጀመሪያ ሄክሳን፣ ቀጥሎ ኤቲል አሲቴት፣ በመጨረሻ ሜታኖል ይፈስበታል። ክሮማቶግራፊ የሚባለው ይኸው ነው፤ በቀለም የተነከረች የወረቀት ጫፍ ውኃ ስትስብ ጥቁሩ ቀለም ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ሲበተን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ብዙዎች የሚስቱት ማንነቱን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ ነው፤ አንድ መሣሪያ አንድ ቁጥር ሲሰጣቸው ስሙን ያገኙ ይመስላቸዋል። ታይሞልና ካርቫክሮል ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን አላቸው፤ የሞለኪውልንና የስባሪዎቹን ክብደት በሚለካው በማስ ስፔክትሮሜትር ሁለቱም 150 ይመዝናሉ፤ ሲሰበሩም ሁለቱ 135 ላይ ጉልህ ምልክት ይሰጣሉ። ልዩነታቸው የኦክስጅኑ ጎረቤት ነው፦ በታይሞል ኦክስጅኑ የሚጎራበተው ከአይሶፕሮፒሉ (ከባለ ሦስት ካርቦኑ ቅርንጫፍ) ጋር ሲሆን፣ በካርቫክሮል ከሜቲሉ (ከባለ አንድ ካርቦኑ) ጋር ነው። ይህን የሚያሳየው እያንዳንዱ ሃይድሮጅን በማግኔት ውስጥ የሚሰጠውን ምልክት የሚያነበው የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው፤ የአይሶፕሮፒሉ ብቸኛ ሃይድሮጅን በታይሞል 3.2 ፒፒኤም (የመሣሪያው መለኪያ) አካባቢ፣ በካርቫክሮል ደግሞ 2.8 አካባቢ ይታያል። መሣሪያው ባይኖር እንኳ፣ ከታወቀ ንጹሕ ናሙና ጋር በጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚወጡበትን ሰዓት ማስተያየት ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ተክሉ ራሱ ይታወቅ። በአገራችን ጦስኝ የሚባሉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ታይመስ ሺምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ። በአንድ ዝርያ ውስጥም የሁለቱ ፌኖሎች ድርሻ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ አበባ የያዘ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አድርቃችሁ፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጽፋችሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) አሳዩ።

ጥያቄ፦ ከመንዝ ነው የምጽፈው። በኮሶ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ከታወቀ፣ እንደ አባቶቻችን አበባውን ብንጠጣ ምን አለበት?

መልስ፦ በሴቴዋ የኮሶ ዛፍ አበባ ውስጥ ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉ ውህዶች እንዳሉ በእርግጥ ታውቋል። ሆኖም በስኒ የሚለካው ዱቄቱ እንጂ ውህዱ አይደለም፤ ከዛፍ ዛፍ መጠኑ ሲለዋወጥ የትናንቱ ስኒ ለዛሬው አበባ አይሆንም፤ ሲበዛም ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለኮሶ ትል በጤና ጣቢያ የሚታዘዘው ኒክሎሳሚድ ወይም ፕራዚኳንቴል በሚሊ ግራም የተለካ ነውና፣ እሱን ይጠይቁ።