«እማዬ፣ በቃ ተዪኝ» ያለችው ተፈታኝ

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ልትወስድ 11 ሳምንት ቀርቷታል። የምትፈተነው 8 የትምህርት ዓይነት ነው። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ክፍሏን ዘግታ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ታነባለች፤ መጽሐፎቿ ላይ በቢጫና በሮዝ ማርከር ያልተቀባ መስመር የለም። በቅርቡ በወሰደችው የሞዴል ፈተና ግን ሒሳብ 41፣ ኬሚስትሪ 46 አመጣች። አባቷ «ያጠፋት ስልኩ ነው» ብሎ ነጠቃት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አይነጋገሩም። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ ሻይ ይዤ ገባ እያልኩ አያታለሁ። ሰሞኑን «እማዬ፣ በቃ ተዪኝ! ብወድቅም የምወድቀው እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰችብኝ። እኔ ከ8ኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ትምህርቱን ላስረዳት አልችልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የምትቀመጥ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ስለዚህ «ጠንክረሽ አጥኚ» የሚለው ምክር መጀመሪያ ከቤትዎ ይውጣ። እኔን ያሳሰበኝ ያ ቢጫና ሮዝ ቀለም ነው።

አንድን ገጽ ሦስት አራት ጊዜ ሲያነቡት ዓይን ይለምደዋል፤ ዓይን የለመደውን ደግሞ ልብ «አውቀዋለሁ» ይለዋል። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው መልኩ አልጠፋ ብሎዎት ስሙ ግን እንቢ እንደሚልዎት ማለት ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ስሙን ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ሞክረውት ነበር። አንደኛው ቡድን አንድ ጽሑፍ በ4 ዙር አነበበ፤ ሌላኛው በ1 ዙር ብቻ አንብቦ በቀሩት 3 ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ የቀራቸው 40 በመቶ ሲሆን ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያስታውሱ ነበር። ልጅዎ ሌሊት ላይ «ገብቶኛል» ብላ መጽሐፏን የምትዘጋው በዚያ በ5 ደቂቃው ስሜት ነው። ፈተና ክፍል ገብታ ባዶ ስትሆን ደግሞ የምትደርስበት መደምደሚያ «ዘዴዬ ተበላሽቷል» የሚል አይሆንም፤ «እኔ ደደብ ነኝ» ነው። ለቅሶው የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

የሚረዳት ነገር እንዲህ ይሠራል። የኬሚስትሪውን አንድ ንዑስ ርዕስ፣ አሲድና ቤዝን እንበል፣ 20 ደቂቃ ታንብብ። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋ። ባዶ ወረቀት ላይ ለ6 ወይም ለ7 ደቂቃ የምታስታውሰውን ሁሉ ትጻፍ፤ ቀመሩንም፣ ሥዕሉንም፣ ምሳሌውንም። ሐሳቧ ሲነጥፍ ቶሎ እንዳትከፍተው፤ እዚያ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ መታገሉ ራሱ ትምህርቱን ያጸናዋል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታ የረሳችውንና የተሳሳተችውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ትሙላ። ቀለም ከወደደች ቀለሙ እዚህ ላይ ይዋል! የነገው ጥናት በዚያ በሁለተኛው ቀለም የተጻፈው ብቻ ነው። ያንኑ ርዕስ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያም ከ3 ሳምንት በኋላ መጽሐፉን ሳትከፍት ትሞክረው። በአንድ ሌሊት 5 ጊዜ ከሚነበበው ይልቅ በ3 ሳምንት 5 ጊዜ የሚጠየቀው ይቀመጣል።

እርስዎ «ላስረዳት አልችልም» ብለዋል። ለዚህ ሥራ አለማወቅዎ ይጠቅማል። መጽሐፉን ይያዙና ርዕሱን ብቻ እያነበቡ ይጠይቋት፦ «ይሄ ስለ ምንድነው?»፣ «ለምን እንደዚያ ይሆናል?»፣ «ምሳሌ ስጪኝ።» መልሱን መጽሐፉ ላይ በጣትዎ እየተከተሉ የዘለለችውን ያስተውሉ። ስትቆም በሆድዎ እስከ 10 ይቁጠሩ እንጂ ቶሎ አይንገሯት። ኬሚስትሪ የሚያውቅ ወላጅ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አቋርጦ ራሱ ማስረዳት ይጀምር ነበር። ለእርስዎ ግን በተራ ቋንቋ ማስረዳት ግድ ይላታል፤ በተራ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለችው ነገር ደግሞ አልገባትም ማለት ነው። በቀን 15 ደቂቃ፣ እሷ በመረጠችው ሰዓት፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ።

ሒሳብ ከዚህ ይለያል። የተሠራ ምሳሌ አንብቦ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ሒሳብ ማጥናት አይደለም። መልሱን በእጇ ሸፍና ትሥራው፤ ካቃታት አንድ መስመር ብቻ ገልጣ ትቀጥል። ጥያቄዎቹም የተደባለቁ ይሁኑ። ከአንድ ምዕራፍ 20 ተመሳሳይ ጥያቄ በተከታታይ ስትሠራ የትኛውን ዘዴ መጠቀም እንዳለባት የሚነግራት የምዕራፉ ርዕስ ነው፤ ፈተና ላይ ርዕስ የለም።

ሞዴል ፈተናውን ከጣላችበት ይፈለግ። ሒሳብ ላይ የጠፉትን 59 ነጥቦች በሦስት ትክፈላቸው፦ ጭራሽ የማታውቀው፣ አውቃው የጠፋባት፣ ጥያቄውን በደንብ ሳታነብ ወይም ሰዓት አልቆባት ያጣችው። ሦስተኛው ክምር ብዙ ጊዜ ወላጅ ከሚገምተው ይበልጣል፤ እሱን ለማስተካከል ደግሞ አዲስ ትምህርት አያስፈልግም፣ በሰዓት እየተለኩ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን መሥራት ነው። የመጀመሪያውን ክምር ይዛ ወደ መምህሯ ትሂድ። «ልጄ እንዴት ናት?» ብለው ቢጠይቁ «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትጠንክር» የሚል መልስ ነው የሚያገኙት። «በ10 ሳምንት ውስጥ ብዙ ነጥብ የሚያመጡላት 3 ምዕራፎች የትኞቹ ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መምህሩ መጽሐፉን ይከፍታል።

ሰዓቱንም አብረን እናስላው። በ5ቱ የትምህርት ቀናት በየቀኑ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት፣ እሑድ ዕረፍት፤ በሳምንት 14 ሰዓት ይሆናል። የመጨረሻውን ሳምንት ለክለሳ ብንተወው በ10 ሳምንት 140 ሰዓት አላት። ለሒሳብና ለኬሚስትሪ 30፣ 30 ሰዓት ብትሰጥ ለቀሩት 6 ትምህርቶች እያንዳንዳቸው 13 ሰዓት ገደማ ይደርሳቸዋል። እያንዳንዱ የጥናት ቆይታ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሆኖ በመሃል 10 ደቂቃ ከወንበር መነሳት አለ። ፕሮግራሙን የምታወጣው እሷ ናት። ወላጅ ያወጣው ፕሮግራም ዕድሜው ሦስት ቀን ነው።

2 ሰዓት አነሰ ካሉ እንቅልፏን ያስቡት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት የምትነሳ ከሆነ የምታገኘው 5 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 5 የትምህርት ቀናት ቢያንስ 15 ሰዓት ይጎድላታል። ቀን የተማረችው ነገር የሚደላደለው በእንቅልፍ ስለሆነ ሌሊት የጨመረችውን ሰዓት ከቀኑ ጥናት ላይ ነው የምትከፍለው። ይሁን እንጂ ዛሬውኑ «በ4 ሰዓት ተኚ» ቢሏት አይሳካም። በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን የተባለው እንቅልፍ የሚጠራው ሆርሞን ከልጅነት ጊዜው ዘግይቶ ነው የሚለቀቀው፤ አልጋ ላይ አፍጥጣ እያሰበች ይነጋባታል። የመኝታ ሰዓቷን በየ3 ቀኑ 20 ደቂቃ ብቻ ቀደም ቢያደርጉት በአንድ ወር ገደማ ከሌሊቱ 7 ወደ ማታ 4 ሰዓት ይደርሳል። እና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌሊት ይዘውላት የሚገቡት ሻይ ከጠላቶቿ አንዱ ነው። ከጠጣችው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት በኋላም ሰውነቷ ውስጥ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ወዲያ ሻይም ቡናም ይቅር።

ስልኩ ላይ አባቷ ግማሽ እውነት አላቸው። ጥናት መሃል እየጮኸ የሚያቋርጥ ስልክ ይጎዳል፤ አልጋ ላይ ያለ ስልክ እንቅልፍ ይበላል። ነገር ግን ስልኩ የተወሰደው ለውጤቱ ቅጣት ሆኖ ነው፤ ልጅቷም የተማረችው «መጥፎ ውጤት ይደበቃል» የሚለውን ነው። የቀጣዩን ሞዴል ፈተና ወረቀት ላያዩት ይችላሉ። ስልኩን የሚመልሱት አባቷ ራሳቸው ይሁኑ፤ እርስዎ መልእክተኛ አይሁኑ። ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «ሳላናግርሽ ስልክሽን መውሰዴ ልክ አልነበረም። የወሰድኩት ፈርቼ ነው። ስታጠኚና ስትተኚ የት ቢቀመጥ ይሻላል ትያለሽ?» ከዚያ «ግን አንቺም…» የሚል ጭራ አይቀጠልበት። የይቅርታውን ጥቅም የምታጠፋው ያቺ «ግን» ናት። ስልክ ሌሊት ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር ከተባለ ደግሞ የአባትየውም የእርስዎም ከእሷው ስልክ አጠገብ ይደር።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሯ። «ብወድቅም የምወድቀው እኔ ነኝ» ማለቷ ድፍረት መስሎ ይሰማ ይሆናል። እኔ ሁለት ነገር እሰማበታለሁ፦ መውደቅን ቀን ከሌት እያሰበችው ነው፤ ፈተናውም የእሷ እንደሆነ እንድትቀበሉላት ትፈልጋለች። ሁለተኛው ትክክል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚከፈት በር ደግሞ ምንም ያህል ፍቅር ቢኖርበት «አላምንሽም» ይላል።

ሌሊትም ሆነ ውጤት በሚመጣበት ቀን አያናግሯት። ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመፋጠጥ ይልቅ ጎን ለጎን ሥራ እየሠራችሁ ይቀላል፤ ዕቃ ስታጥቡ፣ ልብስ ስታጥፉ። እንዲህ ማለት ይችላሉ፦ «ቅድም በሩን እየከፈትኩ ያስጨነቅኩሽ የእኔ ፍርሃት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳላንኳኳ አልገባም። ሦስት ነገር ልሠራልሽ እችላለሁ፤ ልጠይቅሽ፣ ቤቱን ጸጥ ላደርግልሽ፣ ወይም ዝም ብዬ አጠገብሽ ልቀመጥ። የቱ ይሻልሻል?» «ምንም» ካለች «እሺ፣ እሑድ እንደገና እጠይቅሻለሁ» ብለው ይተዉት። እሑድ ግን ይጠይቁ።

«ለአንቺ ብለን ስንት መከራ አየን» እና «የእነ እከሌ ልጅ» ለእነዚህ 11 ሳምንታት ይታሸጉ። «ጎበዝ እኮ ነሽ» እንኳን እንደሚታሰበው አያበረታም። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ብልህ ናችሁ ተብለው የተወደሱ ልጆች ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ሲሳሳቱ በጥረታቸው ከተወደሱት ቀድመው ተስፋ ቆርጠዋል። «ብልህ ናት» የተባለች ልጅ ስትሳሳት የምታጣው ነጥብ ብቻ ሳይሆን ማንነቷን ነው። ያዩትን ይናገሩ፦ «ማክሰኞ የጠፋብሽን ቀመር ዛሬ ሳታዪ ጻፍሽው።»

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ። መጽሐፍ ዘግቶ ማጥናት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያስጠላል። «ምንም አላውቅም ማለት ነው!» ብላ ወደ ማርከሯ ልትመለስ ትፈልጋለች፤ ቀለም መቀባት ያረጋጋልና። ይህ እንደሚመጣ አስቀድመው ይንገሯት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ርዕስ ሲጠየቅ የሁለተኛው ቀለም ጽሑፍ ሲያንስ ራሷ ታየዋለች። ወረቀቶቹን አትጣል።

ስለ መውደቅም አንድ ጊዜ በግልጽ ይነጋገሩ። ከወደቀች ምን ይሆናል? ድጋሚ መፈተን ይቻላል? ከየት በኩል ሌላ መንገድ አለ? ከትምህርት ቤቷ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉት። ብዙ ወላጅ «ያዘናጋታል» ብሎ ይሸሸዋል። በተግባር የሚያዘናጋት፣ ሐሳቧን የሚወስድባት፣ ስም ያልወጣለት ገደል ነው።

ፈተናው ሲቃረብ ዕቃዋ ከማታው ይዘጋጅ፤ ጠዋት አዲስ ነገር አይነበብ። በጣም የምትጨነቅ ከሆነ ከመግባቷ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ስጋቷን ወረቀት ላይ መጻፍ የሚያረጋጋቸው ተማሪዎች አሉ፤ በሞዴል ፈተና ላይ ሞክራ ካልተስማማት ትተወው። ውስጥ ገብታ ልቧ ከመታ 4 ቆጥራ አየር ወደ ውስጥ፣ 6 ቆጥራ ወደ ውጭ፣ አምስት ስድስት ጊዜ፤ ከዚያ የምታውቀውን ጥያቄ ፈልጋ ከዚያ ትጀምር። ስትወጣ «5ኛውን ምን አልሽ?» አይባልም።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታይ ነገር አለ። ከ2 ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከከፋት፣ ምግብ ከተወች ወይም እንቅልፍ ጨርሶ ከራቃት፣ ከጓደኞቿ ከሸሸች፣ ራሷን ከጎዳች፣ ፈተናው ይቆይ ብለው ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይውሰዷት። «ባልኖር ይሻላል» የሚመስል ነገር ከአፏ ከወጣ ቀጥታ «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባትም። አዎ ካለች ወይም ዝም ካለች ብቻዋን አይተዉአት፣ መድኃኒትና ስለት ከአጠገቧ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።