ድሮን ከገደል ሥር በራሱ ሲመለስ ቢሰበር ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ለዘጋቢ ፊልም ቀረጻ ድሮን ተከራይቼ፣ ፈቃድ ባገኘሁበት ቦታ ከገደል አፋፍ ላይ አስነሳሁትና ወደ ሸለቆው አወረድኩት። ስክሪኑ ከዜሮ በታች 90 ሜትር እያሳየ ሳለ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ድሮኑ በራሱ ለመመለስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከበላዩ ከተንጠለጠለ ቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ ከታች ባለ ቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ። አከራዩ የአዲስ ድሮን ዋጋ፣ የቤቱ ባለቤት ደግሞ የጣሪያ ካሳ ይጠይቁኛል። እኔ በዚያን ሰዓት አንድም ቁልፍ አልነካሁም። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «አንድም ቁልፍ አልነካሁም» የሚለው መከራከሪያዎ ከሁሉም የደከመው በመሆኑ ምላሼን ከእሱ እጀምራለሁ።

በገበያ ላይ ባሉት አብዛኞቹ ድሮኖች ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታ የሚለካው ከሥር ካለው መሬት ሳይሆን ድሮኑ ከተነሳበት ነጥብ ነው፤ ከአፋፉ በታች ሲወርዱ ቁጥሩ ከዜሮ በታች የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሪተርን ቱ ሆም ለሚባለው፣ ድሮኑ በራሱ ወደ መነሻው ለሚመለስበት አሠራር የሚሞላው የመመለሻ ከፍታም የሚቆጠረው ከዚያው ነጥብ ነው። የመመለሻ ከፍታው 30 ሜትር ተደርጎ ተሞልቶ ከነበረ፣ ከአፋፉ 90 ሜትር በታች የነበረው ድሮን ወደ መነሻው ከመዞሩ በፊት በቀጥታ 120 ሜትር ሽቅብ መውጣት ነበረበት ማለት ነው። ብዙዎቹ ድሮኖች ከፊትና ከሥር ያለን እንቅፋት የሚለይ ሴንሰር ቢኖራቸውም ከአናታቸው በላይ ያለውን አያዩም። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ድሮኑ ከመነሻው ብዙም ካልራቀ ከፍታ ሳይጨምር ባለበት ደረጃ ወደ ጎን ስለሚመለስ፣ ከአፋፉ በታች ሆኖ ሲመለስ በቀጥታ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ግንኙነቱ የተቋረጠውም በእርስዎና በድሮኑ መካከል ዓለት በመግባቱ ሊሆን ይችላል፤ የሬዲዮ ሞገዱ የሚፈልገው ያልተጋረደ መስመር ነውና። ባጭሩ መሣሪያው የፈጸመው አስቀድሞ የተሞላለትን ትእዛዝ ነው።

ይህ በሕጉ ፊት ትልቅ ትርጉም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ድንገተኛ ነገር ነው። ግንኙነት ሲቋረጥ ድሮኑ ምን እንደሚያደርግ በመመሪያው መጽሐፍ ተገልጾ፣ ባለበት እንዲቆይ ወይም እንዲያርፍ የሚያደርግ ምርጫም ከመነሳቱ በፊት በመተግበሪያው ላይ ቀርቦልዎት ከነበረ፣ ክስተቱን አስቀድሞ ሊገመት የማይችል ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን ከባድ ነው። በአምራቹ ላይ ስለ አምራች ኃላፊነት የሚደነግገውን ቁጥር 2085ን ጠቅሶ መነሳትም፣ ጉድለቱ የመሣሪያው መሆኑ ካልታየ፣ ሩቅ አያስኬድዎትም።

ይህ ሲባል ግን አከራዩ የጠየቀው ሁሉ ይከፈለዋል ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ውሉን ያንብቡ፤ በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነውና፣ ለጉዳት የተቆረጠ ገንዘብ በውሉ ካለ ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ ግን አከራዩ ሊያገኝ የሚገባው በደረሰበት ጉዳት ልክ ነው፤ ያገለገለን ዕቃ በአዲስ ዋጋ ማስከፈል በእኔ አስተያየት ያለአግባብ መጠቀም ነው። ተጠግኖ ሊሠራ የሚችል ከሆነም፣ ቁጥር 1802 ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ ስለጣለበት፣ የጥገና ዋጋ እንዲያስገምት በጽሑፍ ይጠይቁት። የመመለሻ ከፍታውንና የግንኙነት መቋረጥ ምርጫውን ሞልቶ ያስረከበዎት እሱ ሆኖ፣ ገደላማ ቦታ እንደሚሄዱ እያወቀ አንዳች ሳይነግርዎት ቀርቶ ከሆነ፣ የኃላፊነቱን ድርሻ እንዲጋራ መከራከር ይችላሉ። ይህን የሚያስረዳልዎት የቃል ምስክር ሳይሆን በመተግበሪያው ውስጥ የተቀመጠው የበረራ መዝገብ ነው፤ የተሞላው ከፍታ፣ ግንኙነቱ የተቋረጠበት ሰከንድና ቅንብሩ በዚያ ይገኛሉ። ስለዚህ መተግበሪያውን ከስልክዎ አያጥፉ፤ ስልኩ የአከራዩ ከሆነም መዝገቡ ዛሬውኑ እንዲገለበጥልዎት ይጠይቁ።

የቤቱን ባለቤት በተመለከተ ክርክሩ አጭር ነው። ድሮን በቁጥር 2081 «ማሽን» ከሚባሉት ውስጥ ይመደባል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህም መሠረት የድሮኑ ባለቤት፣ ለጥቅምዎ ሲሉ በእጅዎ አድርገውት ስለነበረ ደግሞ በቁጥር 2082 እርስዎ፣ ያለጥፋትም ቢሆን ተጠያቂ ናችሁ። በቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት የለብኝም» ማለት ከኃላፊነት አያድንም። ቆርቆሮውንና የእጅ ዋጋውን አስገምተው ይክፈሉት፤ የቀረ ጥያቄ እንደሌለው የሚገልጽ የዕርቅ ስምምነትም በምስክሮች ፊት ያስፈርሙ። ከአከራዩ ጋር የሚኖረውን የድርሻ ክርክር ለብቻው ያቆዩት፤ ሰውየው በፈረሰ ጣሪያ ሥር ሆኖ የሁለታችሁን ሙግት መጠበቅ የለበትም።

ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የተሰጠዎትን ፈቃድም አውጥተው ይመልከቱ። በፈቃዱ ላይ የከፍታ ገደብ ካለ ከየት እንደሚለካ ማጣራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለምሳሌ 400 ጫማ የሆነው ወሰን የሚቆጠረው ከድሮኑ ሥር ካለው መሬት በመሆኑ፣ ከአፋፍ ተነስቶ ወደ ሸለቆው በላይ የሚወጣ ድሮን በስክሪኑ ላይ 30 ሜትር ብቻ እያሳየ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። የፈቃዱ ሁኔታ የሕግ ድንጋጌን መሠረት ያደረገ ከሆነ፣ መጣሱ በቁጥር 2035 ራሱን የቻለ ጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ ለአከራዩ መልስ ከመጻፍዎ በፊት ፈቃዱንና የበረራ መዝገቡን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። የጣሪያው ካሳ ጥያቄ በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት፣ ከውሉ የሚመነጨው ግን በ10 ዓመት ይርጋ የሚታገድ ስለሆነ፣ የአከራዩ ጥያቄ በዝምታ ይረሳል ብለው አይጠብቁ።