መልስ፦ አገጬ ላይ ፀጉር የወጣው ታምሜ ነው?

እህቴ፣ «ታናሽ ወንድሜ እንኳ ጺም ሳያወጣ እኔ አገጬ ላይ ፀጉር ለምን ወጣብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ የምትገባ ልጅ አላጣም። ስትገልጠው ሦስት አራት ጥቁር ፀጉር ነው። እሱን ለመደበቅ ስንት ወር ተጨንቃለች! አንጀቴን ትበላኛለች።

የወንድና የሴት ቆዳ ላይ ያለው የፀጉር ሥር ብዛት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሆርሞን ነው። አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በጉርምስና ሲጨምሩ ስስና ለስላሳ የነበረውን ፀጉር ወፍራምና ጥቁር ያደርጉታል። ወንዶች ላይ በጣም ስለሚበዙ ጺምና የደረት ፀጉር ይመጣል። እኛ ሴቶችም እነዚህ ሆርሞኖች አሉን፣ በትንሹ። ዘርም አለበት፤ እስቲ እናትሽንና አክስቶችሽን ጠይቂ።

«ከተላጨሽው ይወፍራል» የሚሉሽን አትስሚ። ጫፉ ስለተቆረጠ ነው ሲነኩት የሚሻክረው።

ግን የወር አበባሽ ከተዛባ፣ ብጉርም ካስቸገረሽ ሐኪም ይይሽ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞንና የእንቁላል ማምረቻ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና አለው። ፀጉሩ በድንገት ከበዛ ወይም ድምፅሽ ከጎረነነ ደግሞ ዛሬ ነገ አትበይ።