የውጭ ኢንስፔክሽን ለሚጠብቀው የብቸናው ርእሰ መምህር

ወንድሜ፣ «አዲስ የተመደብሁ የሁለተኛ ደረጃ ርእሰ መምህር ነኝ፤ የውጭ ኢንስፔክሽን ከወር በኋላ ይመጣብናል፤ አሁን ደረጃ 2 ላይ ነን፤ ምን ላዘጋጅ?» ያልኸውን አንብቤ ማለፍ አልቻልሁም። እኔ በደምበጫ በኩል ስምንት ዓመት ርእሰ መምህር ነበርሁ። ከውጭ በሚመጡ ተቆጣጣሪዎች ሁለት ጊዜ ተመዝኛለሁ፤ በመጀመሪያው አፍሬአለሁ፣ በሁለተኛው ቀንቶኛል።

1. ለአጥርና ለቀለም አትጨነቅ። ትምህርት ቤት ከሚመዘንባቸው 26 ስታንዳርዶች ግብአት (ሕንፃው፣ መጽሐፉ፣ ዕቃው) የሚይዘው የነጥቡን 25 በመቶ ነው፤ ሂደት 35፣ ውጤት 40። እኔ ይህን እያወቅሁ ከወላጅ የተዋጣውን ብር በሙሉ አጥር ላይ አፈሰስሁት፤ በሩንም አረንጓዴ አስቀባሁት። ተቆጣጣሪዎቹ በዚያው በር ገብተው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር ጠየቁ።

2. ያልተሠራ ሥራ ሰነድ አትጻፍ። የጎዳኝ ይህ ነው። ሊመጡ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው የተሙማ (የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ቃለ ጉባኤ እንደሌለን ትዝ አለን። ምክትሌ እየነገረኝ እኔ እየጻፍሁ የአምስት ወሩን በአንድ ሰማያዊ እስክሪፕቶ ጨረስነው። በማግስቱ አንዲት መነጽር ያደረጉ ተቆጣጣሪ ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ቆም አሉ።

«ጥር 11 ቀን ሥልጠና ሰጥታችኋል?»

«አዎ» አልሁ።

«ታቦቱ ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ?»

ምክትሌ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን የተከታታይ ምዘና መዝገብ ሳቀርብላቸው እንኳ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱልኝ። በግለ ግምገማችን ለራሳችን 78 ሰጥተን ነበር፤ የእነርሱ 49 ሆነ። በአንዲት ነጥብ 50 ሳንሞላ ከሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ 1 ላይ ወደቅን።

ዝርዝር ሪፖርቱን ለመውሰድ ወደ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስሁ። ኃላፊው ያስተማርሁት ልጅ ነው። ወንበር አላቀረበልኝም፤ ከስልኩ ቀና ሳይል «ደብዳቤው ይደርስሃል» አለኝ። «ይደርስዎታል» ማለት አቅቶት! አንተ የቃል ግብረ መልስ ሲሰጡህ ራስህ ጻፈው፤ ደብዳቤ አትጠብቅ።

3. ውጤትን በተመለከተ የክፍል ነጥብ አይሸፍንህም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ፣ በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእኛ ክፍል 85 የነበረው ልጅ እዚያ 28 አመጣ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ምን ተፈጠረ?» ይሉሃል። እኛ ሮስተሩን (የተማሪዎችን የነጥብ መዝገብ) በእውነተኛው ነጥብ አስተካክለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ጀምረን፣ ከክፍል የቀረውንም መምህር ስም ሳንደብቅ መዝግበን ነው የጠበቅናቸው።

በሁለተኛው ዙር ቃለ ጉባኤው ላይ «ዛሬ ስብሰባው አልተካሄደም፤ መምህራን ለቅሶ ሄደዋል» የሚል ገጽ አገኙ። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ገለጠው። 71 አገኘን፤ ደረጃ 3።

የጉድኝት (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘርህን ግን ከአሁኑ ጥራው፤ እርሱ ሊደግፍህ እንጂ ደረጃ ሊሰጥህ አይመጣም። የቤተ መጻሕፍቱም ቁልፍ ሁለት ሰው ዘንድ ይሁን።

አጥሩ በቀጣዩ ክረምት ወድቋል።