ፈጣን ባቡር በሌለበት አገር ሐዲድ ማጥናት

ከድሬዳዋ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂ ነሽ። የመመረቂያ ጥናትሽ ሙቀት በተበየደ ሐዲድ ላይ የሚፈጥረው ውጥረት ፈጣን ባቡርን እንዴት እንደሚጎዳ ነው። ያስተማሩሽ አጎትሽ ደግሞ «ፈጣን ባቡር በሌለበት አገር ይኼ ምን እንጀራ ይሆንሻል? ነይና ሕንፃዬን ተቆጣጠሪ» አሉሽ።

ሙቀቱ ግን ባቡሩ በስንት እንደሚሮጥ አያውቅም። ድሮ በሐዲድ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ይተው ነበር፤ ብረቱ ሲግል መለጠጫ ነበረው። ከተበየደ ወዲህ መሄጃ የለውም። በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ ያለ ውጥረት ከተዘረጋበት ሙቀት በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 1.9 ቶን ይጨመቃል። በ30 ዲግሪ ከ55 ቶን ያልፋል። ይህን ግፊት የሚችለው ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው አግዳሚና ዙሪያውን የያዘው ጠጠር ነው። ብሪታንያ ሐዲዷን የምታስተካክለው በ27 ዲግሪ ያለ ውጥረት እንዲሆን ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 አየሩ 40 ሲያልፍ ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወጣውን አንዱን ዋና መስመር ዘግታ ዋለች።

ቢሮ ከመግባቴ በፊት ሐዲድ ጥገና ላይ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ጠጠሩን ነካክተን የሄድንበት ቦታ፣ ከሰዓት ስንመለስ ሐዲዱ አራት ጣት ያህል ወደ ጎን ወጥቶ ጠበቀን። ጥፋቱ የእኛው ነበር። ቀስ ብሎ የሚሄድ የጭነት ባቡር እየተንገጫገጨ ሊያልፈው ይችል ይሆናል፤ መካና መዲናን እንደሚያገናኘው በ300 ለሚበር ባቡር ግን ያቺ አራት ጣት ብዙ ናት። ፍጥነት የሚገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከርዕስሽ «ፈጣን» የሚለውን ሰርዢና ከደጅሽ የሚያልፈውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ያዢ። ከደጋ ተነሥቶ እስከ ባሕር ጠረፍ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ የት ይገኛል?

አጎትሽ የከፈሉት ለትምህርትሽ እንጂ ለጉልበትሽ ቀብድ አይደለም። ዕዳ ነው ካሉ ደመወዝ ስታገኚ በብር ክፈያቸው። የባቡር ቅጥር ጠባብ መሆኑን ግን አልደብቅሽም፤ እስኪገኝ ሕንፃቸው ላይ ብትሠሪ ነውር የለውም፣ ቀኑን ቆርጠሽ ከነገርሻቸው።

ውጥረቱን በኮምፒውተር የሚያሰላውን የሞዴል ሶፍትዌር አትፍሪው፤ ቅድም የነገርኩሽን ቶን መጀመሪያ በእጅሽ አስዪው። የጠየቅሽኝ የውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪም ሁለት ዓመት ሐዲድ ላይ ከቆምሽ በኋላ ይድረስ።

ፈቃድ አግኝተሽ ስትለኪ ማግኔት ያለውን ቴርሞሜትር በሐዲዱ ጥላ በኩል ለጥፊው። ፀሐይ በኩል ከሆነ ያታልልሻል።