የፊቱ ፍሪዊል ይዋዥቃል፤ ልጣለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ያገለገለች የትሪያል ብስክሌት አለችኝ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ፒያሳ አካባቢ ደረጃ ላይ ስዘልባት እውላለሁ። ሰሞኑን ቁልቁል ስለቃት፣ ፔዳሉን ሳልነካው፣ ክራንኩ (ፔዳሉን የያዘው ክንድ) ላይ ያለው ፍሪዊል፣ ያ እግር ቢቆምም ጎማው እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ጥርስ ዕቃ፣ ግራና ቀኝ ሲዋዥቅ አየሁት። አንድ ጋራዥ ብወስዳት ደግሞ «ፍሪዊል እዚህ ምን ይሠራል? ቦታው ኋላ ነው» አሉኝ። አዲስ ልግዛ ብል እዚህ አላገኘሁም። ምን ይሻለኛል?
ብ. ነኝ

መልስ፦ ሰላም ብ.! መካኒኩን አትቀየመው። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ፍሪዊል ኋላ ጎማ ላይ ነው። ትሪያል ላይ ግን ፍሪዊሉ የቀኙ ክራንክ ላይ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ የኋላዋ ጥርስ ከጎማው ጋር አንድ ላይ ነው የምትዞረው። ስለዚህ እግርህ ቢቆምም ጎማው እስከዞረ ድረስ ሰንሰለቱ ይሮጣል፣ ፍሪዊሉም ዓይንህ ሥር ይዞራል። ያስደነገጠህ ይሄ ነው እንጂ የኋላ ፍሪዊልማ እየዋዠቀ ስንት ዓመት ይኖራል፣ ማን ዞሮ ያየዋል!

ትንሽ መዋዠቅ ያለ ነው። ውስጡ ሁለት ረድፍ ጥቃቅን ኳሶች ብቻ ናቸው፣ እንደ መኪና ኩሽኔታ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር አይደለም። እኔ ዓይን ያየውን ሳይሆን እጅ የያዘውን ነው የማምነው።

ብስክሌቷን ገልብጣት። እርሳስ ፍሬሙ ላይ እሰርና ጫፉን ጥርሶቹ አጠገብ አስጠጋው። ክራንኩን በአንድ እጅህ ያዝ፣ በሌላው የኋላ ጎማውን ወደፊት አዙረው። እንዲህ ስታደርግ ከዋዠቀ ችግሩ ራሱ ፍሪዊሉ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀጥ ብሎ ዞሮ፣ ፔዳሉን ስታዞር ብቻ ከዋዠቀ ግን ፍሪዊሉን ተወው፤ ወይ ክራንኩ ጎብጧል፣ ወይ ፍሪዊሉ የሚጠመዘዝበት የብሎን ጥርስ ጠማማ ነው፣ ወይም የክራንኩ ኩሽኔታ ላልቷል። አንዳንዴማ ፍሪዊሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተጣበቀች አሸዋ ብቻ ናት።

ከዚያ ሰንሰለቱን አውጣና ጥርሶቹን በጣትህ ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፋ። ቅጭል ቅጭል ካለ ላልቷል ማለት ነው። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ፤ ውስጥ ያሉት ምላሶች (ስትረግጥ ፍሪዊሉን የሚቆልፉት ትንንሽ ብረቶች) በደንብ ካልያዙ ልትዘል ስትረግጥ ፔዳሉ ባዶ ይሄድብሃል፣ አገጭህም ከመሪው ጋር ይገናኛል።

ላልቶ ካገኘኸው፣ የፍሪዊሉ ማጥበቂያ ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ ያለው ቀለበት ነው። አብዛኛው በተቃራኒ የሚፈታ ስለሆነ ወደ ቀኝ ነው የምታዞረው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወደ ግራ እየደበደበ ያበላሸዋል። ከሥሩ እንደ ወረቀት የሳሱ ሮንዴላዎች ታገኛለህ፤ አንዷን፣ በጣም የሳሳችውን፣ አውጥተህ መልሰህ እሰር። ቅጭልታው ጠፍቶ እንደ ልብ ከዞረ ጨርሰሃል። መዞሩ ከከበደ ሮንዴላዋን መልሳት። ሰፊ ትሪ ላይ ጨርቅ አንጥፈህ ሥራ፣ ኳሶቹ ከአልጋ ሥር ገብተው እኔ ራሴ ግማሽ ቀን በባትሪ ፈልጌያለሁ፣ የምላሶቹ ሞላ ደግሞ ፀጉር ነው የሚያህለው። ምላሶቹን ግራሶ እንዳታስነካ፣ ይጣበቃሉ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃል።

ከክራንኩ ልፍታው ካልክ ተዘጋጅ። በረገጥክ ቁጥር ራሱን ሲያጠብቅ የኖረ ዕቃ ነው። ልኩን የሚገጥም ማውጫ ፈልግ፣ ሞርሳ ላይ እሰረው፣ ክራንኩን ይዘህ ወደ ግራ አዙር። በፑንታና በመዶሻ የሚፈታልህ ካገኘህ አመስግነህ ውጣ። ከፈታኸው በኋላ አንድ ዘዴ ልንገርህ፦ የፍሪዊሉ ብሎን ጥርስ 1.37 ኢንች በ24 ነው (ስፋቱ 1.37 ኢንች፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ)፤ በብዙ ብስክሌት ላይ የክራንኩን ኩሽኔታ በግራ በኩል የሚይዘው ኩባያም ልኩ ይኸው ነው። አሮጌ ኩባያ ለምነህ ፍሪዊሉን እሱ ላይ ጠምዝዘህ አዙረው። እዚያ ቀጥ ካለ ጥፋቱ የክራንኩ ነው፣ የተጣመመ የብሎን ጥርስ ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስደህ ገንዘብህን ባታቃጥል ይሻላል፣ ክራንኩን ቀይር።

ሰንሰለቱ ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ጠብቆ ሌላ ቦታ ላይ ከላላ፣ በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ አቁመህ አስተካክለው፤ እዚያም ትንሽ እንዲላላ አድርግ። በሚላላበት ቦታ ካስተካከልከው ሲጠብቅ ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ የጥርሱን ቁጥር (ብዙ ጊዜ 18 ነው) ቆጥረህ ንገራቸው። በአንድ ዙር 72 ጠቅታ ያለው ፍሪዊል በየ5 ዲግሪው ይይዛል፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ብስክሌት የኋላ ፍሪዊል ሲዞር ይዋዥቃል። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ትመላለስበታለች። ልቀይርላት?
የልደታዋ እናት

መልስ፦ እማማ፣ ጊሩ እየዘለለ ካላስቸገራት አይቀይሩት። ይልቅ ፍሬኗን ያሳዩልኝ።